ገንዘብ ያዥዋ ቁልፉን ሲያስረክቡ፦ ከአንድ የሰፈር እድር የተወሰደ የጉዳይ ጥናት

መነሻ

በሰሜን አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የሰፈር እድር ለ18 ዓመታት በገንዘብ ያዥነት ያገለገሉ አንዲት እናት ከኃላፊነታቸው የወጡበትን መንገድ ነው እዚህ የምመዘግበው። እኔ የዚያው እድር የቁጥጥር ኮሚቴ አባል ነኝ። ሒሳቡን የመረመርኩት፣ ርክክቡንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተከታተልኩት እኔ ነኝ። የወይዘሮዋንም ሆነ የሌሎቹን ስም አልጠቅስም። ጽሑፉን አስቀድሜ አንብቤላቸዋለሁ፤ ሁለት ቦታ ላይ አርመውኛል፣ ሌላውን "እንዳለ ይሁን" ብለውኛል።

ጉዳዩን መመዝገብ ያስፈለገኝ እድሮቻችን ሰው ሲሾሙ እንጂ ሰው ሲያሳርፉ ስላላየሁ ነው። በየሰፈሩ ሞት ወይም ሕመም እስኪያወርዳቸው ድረስ ሳጥንና ማኅተም ታቅፈው የሚኖሩ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች ሥልጣን ወዳድ ስለሆኑ አይደለም የቆዩት። የሚረከባቸው ስለጠፋ ነው።

እድሩና ወይዘሮዋ

እድራችን 186 አባላት አሉት። ወርሃዊ መዋጮው 100 ብር ሲሆን የሚሰበሰበው በወሩ የመጀመሪያ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ሞት ሲያጋጥም ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር፣ ብረት ድስትና ሰሃን ከዕቃ ቤት ይወጣል፣ ለሐዘንተኛው ቤተሰብ ደግሞ ደንቡ የሚፈቅደው ገንዘብ በዕለቱ በእጁ ይሰጣል። ከሌሎቹ የከተማችን እድሮች የሚለየው ነገር የለም።

በሕግ በኩል የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርና እቁብን ከተፈጻሚነት ወሰኑ ውጭ አድርጓቸዋል። ስለዚህ በእድር ውስጥ ሹመቱንም ስንብቱንም የሚወስነው በዋናነት እድሩ ራሱ ያወጣው መተዳደሪያ ደንብ ነው። የእኛ ደንብ የዘገየ፣ የቀረ፣ በለቅሶ ቤት የተጣላ ስንት ብር እንደሚቀጣ አንድ በአንድ ይዘረዝራል። የኮሚቴ አባል መቼና እንዴት እንደሚሰናበት ግን አንድ መስመር አልነበረውም። "በምርጫ ይተካል" ይላል፣ ምርጫው በየስንት ዓመቱ እንደሚካሄድ ግን አይናገርም።

ወይዘሮዋ በ1998 ሲመረጡ በአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነበሩ። ጽሕፈታቸው የሚነበብ፣ ቃላቸው የማይታጠፍ ሰው ናቸው። በ2014 በ60 ዓመታቸው ጡረታ ሲወጡ ሰፈሩ ሁሉ "እንግዲህ ሙሉ ጊዜ አገኙ" አለ። ያን ጊዜ በእርሳቸው ትከሻ ላይ ሌሎች ሁለት ኃላፊነቶች ነበሩ፤ የልጅ ልጃቸው የሚማርበት ትምህርት ቤት የወላጆች ኮሚቴ እና በወር 21 የሚጠጣው የማርያም ጽዋ ማኅበር። ጽዋውን ሸክም ብለውት አያውቁም፤ ትምህርት ቤቱንም ሳይቸገሩ ለቀዋል። የእድሩ ነገር ግን ሌላ ነበር።

ችግሩ

ሳጥኑ የሚቀመጠው በወይዘሮዋ ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር። የደረሰኝ ጥራዝ፣ የባንክ ደብተር፣ የዕቃ ቤት ቁልፍ፣ የአባላት መዝገብ ሁሉ እዚያው ነው። ስለዚህ እድሩ የነበረው በደንብ በተሠራው የእድር ቤት ውስጥ ሳይሆን በአንዲት ሴት መኝታ ቤት ውስጥ ነበር ማለት ይቻላል።

እሁድ መክፈል ያልተመቸው ሰው ማክሰኞ ማታ በራቸውን ያንኳኳል። ከዘመድ ጋር የተቀያየመ ሊያማክር ይመጣል። ሠርግ ያለው ወንበር ሊከራይ ይመጣል። በሌሊት ሰው ሲሞት የመጀመሪያው ስልክ የሚደወለው ለሊቀ መንበሩ ሳይሆን ለእርሳቸው ነው። በመስከረም 2016 አንድ ወር ሙሉ የመጣውን ሰው በማስታወሻ ደብተር እንዲመዘግቡ ጠይቄያቸው ነበር። ለእድር ጉዳይ ብቻ 57 ጊዜ በራቸው ተንኳኳ። በዚያ ወር ሰፈራችን ውስጥ ሞት አልነበረም።

ባለቤታቸው ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው። "ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው ሳይደርስ የማትነሳበትን ቀን አላስታውስም" ብለውኛል። ሌላው ምስክር ግድግዳው ላይ በላስቲክ ተሸፍኖ የተሰቀለው መሶብ ነበር። ወይዘሮዋ በስፌት የታወቁ ናቸው። ለሴት ልጃቸው ሠርግ ብለው በ2004 የጀመሩት መሶብ ገላው አልቆ ክዳኑ ግማሽ ላይ ቀርቷል። ልጃቸው በ2005 ተዳረች፤ ዛሬ ሁለት ልጆች አሏት። ክዳኑ ግን ያን ጊዜም እዚያው ግማሹ ላይ ነበር።

ጉዳዩ ወደ እኔ የመጣው በስፌት በኩል አልነበረም፤ በሒሳብ በኩል ነው። የ2015ን በጀት ዓመት ሒሳብ በሐምሌ ስመረምር በባንክ ገቢ ከተደረገው ውስጥ 2,300 ብር ከየትኛውም ደረሰኝ ጋር አልገጠመልኝም። ጉድለት ቢሆን የተለመደ ነው። ይህ ግን ትርፍ ነበር። ለማን እንደተቆረጠ የማይታወቅ ገንዘብ በእድሩ ሒሳብ ውስጥ ተቀምጧል። ጠየቅኋቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ "ጎድሎ ነበር፣ ሞላሁት" አሉኝ። ከጡረታቸው ነው የሞሉት። ለባለቤታቸውም አልነገሩም።

የወጪ ሰነዶቹን አንድ በአንድ ስንበትን የጎደለው ገንዘብ ተገኘ። በግንቦት በአንድ ሌሊት ሁለት ሞት አጋጥሞ ለድንኳን ተካዮችና ለዕቃ ጫኞች ከሳጥኑ በጥሬው ከፍለው የወጪ ማዘዣ ሳይጽፉ ቀርተዋል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ማንም አልወሰደውም። የእድሩን ወጪ የገዛ ጡረታቸው ከፈለው ማለት ነው። ገንዘቡን መለስንላቸው። ወይዘሮዋ ግን በዚያ ቀን የተናገሩት ከጆሮዬ አልወጣም፤ "17 ዓመት አልተሳሳትኩም። አሁን መሳሳት ጀምሬያለሁ፤ ሳልዋረድ አውጡኝ" አሉኝ።

መጀመሪያ የተሞከረውና ያልሠራው

ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ለመውጣት ሞክረዋል። በጥር 2015 ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ቆመው "ደክሞኛል፣ ሌላ ይመረጥ" አሉ። ጉባኤው አጨበጨበ። ለስንብት መስሏቸው ነበር፤ ጭብጨባው ግን "ይቀጥሉ" ለማለት ነበር። አንድ አዛውንት ተነስተው መረቁ፣ "እትዬ፣ ከእርስዎ ሌላ ማን አለን" ተባለ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። እርሳቸውም ተቀመጡ። እኔም ካጨበጨቡት አንዱ ነበርኩ። ያን ጊዜ አክብሮት መስሎኝ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ጭብጨባው ወይዘሮዋ ሊያወርዱት የፈለጉትን ሸክም መልሶ ማሸከሚያ ነበር።

ቀጥሎ በሚያዝያ ለኮሚቴው ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው ከቃለ ጉባኤ መዝገብ ጋር በጸሐፊው መሳቢያ ውስጥ አራት ወር ተቀመጠ። ማንም ክፉ አላሰበም። "ቁጣቸው ሲበርድ ይተዉታል" ነበር የተባለው። ቁጣ አልነበራቸውም።

ሁለቱም ሙከራ የከሸፉት በአንድ ምክንያት ይመስለኛል። ጥያቄው "ልውጣ ወይስ ልቆይ" የሚል ነበር። እንዲህ ሲቀርብ መልሱ ሁልጊዜ ፍቅርና ልመና ነው። ወይዘሮዋ የሚሠሩት ሥራ ምን ምን እንደሆነ ግን ከጉባኤው ውስጥ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። የማይታወቅ ሥራ ደግሞ ለማንም አይሰጥም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

በመስከረም 2016 ሥራውን በወረቀት ላይ በማውረድ ጀመርን። ወይዘሮዋ እየተናገሩ እኔ ጻፍኩ። የበር ማንኳኳቱን ደብተርም አብረን አየነው። ዝርዝሩ ሲያልቅ 31 ሥራዎች ወጡ። ደንቡ ለገንዘብ ያዥ የሰጠው ስድስቱን ብቻ ነው። የቀረው 25 በጊዜ ብዛት የተጠራቀመ ነበር፤ የተሰነጠቀ ድስት ማስበየድ፣ ድንኳን ዝናብ ከመታው በኋላ ማስጣት፣ የአረጋውያንን መዋጮ ከየቤታቸው መሰብሰብ፣ ጥሩምባ ነፊው ሲታመም ተተኪ መፈለግ፣ ውጭ አገር ላሉ የሟች ልጆች ስልክ መደወል። ይህንን ዝርዝር በጥቅምቱ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አነበብኩት። ሁለት ደቂቃ ያህል ማንም አልተናገረም። ከዚያ ያ የመረቁት አዛውንት ተነስተው "ይህን ሁሉ አንድ ሰው ላይ ጭነን ኖሯል?" አሉ። ከዚያ በኋላ ውይይቱ ስለ ወይዘሮዋ መሆኑ ቀረና ስለ ሥራው ሆነ።

ሥራውን ለአራት ከፈልነው። በባንክ ወይም በቴሌብር መክፈል የሚችል ሰው መዋጮውን በቀጥታ ወደ እድሩ ሒሳብ እንዲያስገባ ተወሰነ። የማይችለው በሦስት ምድብ ተከፍሎ በምድብ ሰብሳቢ እጅ ይከፍላል። ዕቃው ሙሉ በሙሉ ወደ ንብረት ክፍል ኃላፊው ሄደ። ለድንገተኛ ሞት የሚያስፈልገው ጥሬ ገንዘብ ሁለት ቁልፍ ባለው ሳጥን በእድር ቤቱ ተቀመጠ፤ ቁልፎቹ በሁለት ሰዎች እጅ ናቸው። ለገንዘብ ያዡ የቀረው መዝገብ መያዝ፣ ከባንክ ጋር ማመሳከርና ለጉባኤ ሪፖርት ማቅረብ ነው። ይህንን ሥራ ሰው ሊቀበለው ይችላል።

ተተኪ ሆኖ የተመረጠው በአንድ ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ በሒሳብ ሥራ ላይ ያለ የ31 ዓመት ወጣት ነው። ትልልቆቹ አጉረመረሙ። ወይዘሮዋ ራሳቸው "ልጄ እኔ ስጀምር ከነበርኩበት በላይ ያውቃል" ብለው ቆሙለት። ሁለት ወር ሙሉ እሁድ እሁድ ከጎናቸው ተቀምጦ መዘገበ። መጀመሪያ ላይ እርሳቸው ይጽፋሉ፣ እርሱ ያያል። ከወር በኋላ እርሱ ይጽፋል፣ እርሳቸው ያያሉ።

የባንኩ ፊርማ ለውጥ ካሰብነው በላይ ፈጀ። ባንኩ የፈለገው በኮሚቴ አባላት ተፈርሞ ማኅተም ያረፈበት ቃለ ጉባኤ ነበር፤ አቀረብን። ቃለ ጉባኤው የሚገባውን ፈራሚ እንጂ የሚወጣውን በስም ስላልጠቀሰ ተመለሰ። እንደገና ተሰብስበን፣ እንደገና ጽፈን፣ በሦስተኛው ሳምንት ተጠናቀቀ። እድሮች ይህንን ልብ ይበሉ፤ "እከሌ ፈራሚነታቸው ተነስቷል" የሚል ዓረፍተ ነገር ከሌለ ወጣ የተባለው ሰው በባንክ ዘንድ አልወጣም።

በርክክቡ መሀል የመጣ ሞት

በመጋቢት 2016፣ በዐቢይ ጾም ውስጥ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አካባቢ አንድ የእድሩ አባል አረፉ። የሟች ልጅ እንደ ልማዱ ወደ ወይዘሮዋ ደወለ። አነሱት። "ነፍስ ይማር ልጄ" አሉትና የወጣቱን ስልክ ሰጡት። ከዚያ አልጋቸው ላይ እስኪነጋ ተቀምጠው አደሩ። ባለቤታቸው ሁለት ጊዜ "ተኚ" አሏቸው። መሄድ ስለፈለጉ ሳይሆን ወጣቱ ይረሳዋል ብለው የፈሩትን አንድ በአንድ በልባቸው ሲቆጥሩ ነው ያደሩት።

ጥሩምባው በጊዜው ተነፋ። ድንኳኑ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቆሟል። የወጪ ማዘዣው በቦታው ተጻፈ፤ ወጣቱ ጥራዙን በጃኬቱ ኪስ ይዞ ነበር የወጣው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ደህና ነው። ነገር ግን ለቤተሰቡ የሚሰጠው ገንዘብ የሳጥኑ ሁለተኛ ቁልፍ የያዘው ሰው ሥራ ገብቶ ስለነበር እስከ ቀትር አልወጣም። የሬሳ ሳጥን የሚገዛው ዘመድ ከሰው ተበድሮ ገዛ። ቤተሰቡ አዘነብን፣ ልክም ነበሩ። "እትዬ ቢኖሩ እንዲህ አይሆንም ነበር" የሚለው ቃል በድንኳኑ ውስጥ ከአፍ ወደ አፍ ሄደ።

ወይዘሮዋ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከሌላው ለቀስተኛ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ የትልቁ ብረት ድስት ክዳን የት እንዳለ ጠየቀቻቸው። የት እንዳለ ያውቃሉ፤ 18 ዓመት ያስቀመጡት እርሳቸው ናቸው። "የንብረት ክፍሉን ጠይቂው እስቲ" አሏት። እኔ ፊት ለፊታቸው ስለነበርኩ እጃቸውን አይቻለሁ። የነጠላቸውን ጥለት ጨብጠውት ነበር።

ከሠልስቱ በኋላ ኮሚቴው ተሰብስቦ ሁለተኛው ቁልፍ ቀን ቀን ቤት ለሚውል ጡረተኛ እንዲሰጥ ወሰነ። ያችን አንዲት ነገር በወረቀት ላይ ስናቅድ ማናችንም አላሰብናትም። ከዚያ ወዲህ አራት ሞት አጋጥሞናል፤ ገንዘቡ በአራቱም ሬሳ ከቤት ሳይወጣ ደርሷል።

የመጨረሻው ርክክብ የተፈረመው በሚያዝያ 2016 ነው። ሰባት ገጽ ነበር። የተረከበው፣ ያስረከበው፣ የታዛቢዎች ፊርማ አለበት። በዚያው ጉባኤ ደንቡ ተሻሽሎ የኮሚቴ አገልግሎት ሦስት ሦስት ዓመት፣ ከሁለት ዙር የማይበልጥ ሆነ።

በር ማንኳኳቱን ያቆመው

ርክክቡ ከተፈረመ በኋላም ሰው መምጣቱን አልተወም። በመጀመሪያው ወር በሩ ላይ "የእድር ክፍያ በምድብ ሰብሳቢዎች ብቻ" የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ዝናብ አጠፋው፤ ከመጥፋቱ በፊትም የሚያነበው አልነበረም። ሊቀ መንበሩ በጉባኤ አሳሰቡ፤ ይህም አልጠቀመም። ለዚህ ትውልድ መዋጮ ማለት ገንዘብ ማስገባት ብቻ አይደለም፤ በር አንኳኩቶ፣ "እንደምን አላችሁ" ብሎ፣ ወሬ ጠይቆ መሄድ ነው። ወረቀት ይህንን አይከለክልም፣ መከልከልም የለበትም።

ያቆመው የደረሰኝ ጥራዙ ነው። ጥራዙ ከቤታቸው ስለወጣ "ደረሰኝ የለኝም ልጄ፣ ያለ ደረሰኝ ደግሞ አልቀበልም" ይላሉ። እውነት ነው፣ ሊከራከሩት አይቻልም፣ ማንንም አያስቀይምም። ሰውየው ብሩን ወደ ኪሱ መልሶ ቡና ጠጥቶ ይሄዳል። በሦስት ወር ውስጥ ለመክፈል የሚመጣ ሰው ጠፋ፤ ለመጠየቅ የሚመጣው ግን አልቀነሰም። ወይዘሮዋም የፈለጉት ይህንኑ ነበር።

ባለመሳካት የምመዘግበው አንድ ነገር አለ። 40 የሚሆኑ አረጋውያን የስልክ ክፍያውን እስከ ዛሬ አልለመዱትም። የምድብ ሰብሳቢዎቹም ወይዘሮዋ እንደሚያደርጉት ቤታቸው ገብተው አይቀመጡም። ገንዘቡ ይሰበሰባል። አንድ ብቻቸውን የሚኖሩ አባት "ድሮ በወር አንድ ቀን ሰው ይገባ ነበር" ብለውኛል። ይህንን በየትኛውም የሥራ ክፍፍል ውስጥ አላስገባነውም፤ አሁንም መፍትሔ አላገኘንለትም።

አንድ ቅዳሜ

በኅዳር 2017 አንድ ቅዳሜ ከወይዘሮዋ ጋር ዋልኩ። ርክክብ በፊርማ ብቻ አይለካምና ያስረከበውን ሰው ቀን ማየት ያስፈልጋል ብዬ ነው።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በርበሬው ተዘጋጅቶ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ተቀንጥሶ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከበሶብላ ጋር ተደልዞ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ደርቋል። ኮረሪማውንና አዝሙዱን ለብቻ አምሰው በፌስታል ቋጥረዋል። ባለቤታቸው ጆንያውን ተሸከሙ፤ ሦስታችን ወደ ወፍጮ ቤት ሄድን። ወረፋው ረዘም ያለ ነበር። በፊት ቢሆን ወረፋውን ለሰው አደራ ብለው ወደ አንድ ጉዳይ ይሮጡ ነበር። ያን ቀን ግድግዳውን ተደግፈው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ከጎናቸው ካለችው ሴት ጋር የዘንድሮው የማረቆ በርበሬ ቀለም እንዴት እንደሆነ እየተነጋገሩ አንድ ሰዓት ከግማሽ ጠበቁ። ተራቸው ሲደርስ አፍና አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው ከወፍጮው አፍ የሚወርደውን በጣታቸው ቆንጥረው አዩት፣ "አንድ ጊዜ ድገምልኝ፣ አልላመም" አሉት። ቤት ሲደርስ ገና ትኩስ ስለነበር ሰፌድ ላይ በስሱ ተበተነ። ትኩሱን ዕቃ ውስጥ የከተተ ሰው በርበሬው ይበላሽበታል።

ከዚያ የቤት ሥራው ቀጠለ። ውሃ በፈረቃ የሚመጣው በዚያ ቀን ስለነበር በርሜሉ ተሞላ። የመብራት ካርድ ተሞላ። የባለቤታቸው የደም ግፊት መድኃኒት ተገዛ። ይህ ሁሉ ዕረፍት አይደለም፤ ሥራ ነው። የቤት ሥራን ዕረፍት ብሎ መጥራት በሴቶች ላይ የሚፈጸም በደል እንዳይሆን እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት እወዳለሁ። ልዩነቱን ራሳቸው ነገሩኝ፤ "በርበሬ ሲፈጭ ያልቃል። የእድር ሥራ ግን ሲያልቅ አይቼው አላውቅም" አሉኝ። ጆንያ የሚሸከመውም መድኃኒት የሚገዛውም ሌላ ሰው መኖሩ ደግሞ በርክክቡ የተገኘ አይደለም፤ ከባለቤታቸው ጋር ተነጋግረው የተካፈሉት ነው።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ መሶቡ ከግድግዳው ወረደ። ላስቲኩ ሲገለጥ የ12 ዓመት አቧራ በጥጉ ተከማችቷል፤ የስፌቱ ቀለም ግን አልደበዘዘም። ሣሩን ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ውስጥ ነክረውት ነበር፤ ደረቅ ሣር ይሰበራል፣ የረጠበ ይታዘዛል። ወስፌውን በአውራ ጣታቸው ፈተኑት። የመጀመሪያዎቹን አራት ጥልፎች ሰፍተው ፈቷቸው። ዓይናቸው አልተማመነም፤ መነጽራቸውን ወልውለው ወደ በረንዳው ብርሃን ወጡ። አምስተኛው ላይ እጃቸው አስታወሰ። ወስፌው ሲገባ ጠብ የሚል ድምፅ አለው፤ ከዚያ ሣሩ ሲሳብ ፍጭት ይላል። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል በዚያ በረንዳ ላይ ከእነዚህ ሁለት ድምፆች በቀር አልተሰማም።

ስልካቸው ሁለት ጊዜ ጠራ። አንደኛው ልጃቸው ነበረች። ሁለተኛው ወጣቱ ገንዘብ ያዥ ነው፤ በ2009 የተከፈለ የአንድ አባል መዋጮ የት መዝገብ ላይ እንዳለ ጠየቀ። "ሰማያዊው ጥራዝ፣ ከኋላ" አሉና ወስፌያቸውን አነሱ። ጥሪው አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ይህ ዓይነቱ ጥሪ ጭራሽ እንዳይኖር መጠበቅ ተገቢ አይመስለኝም።

ለሌሎች እድሮች የሚጠቅመው

እድር፣ የጋራ ሕንፃ ማኅበር፣ የሰንበቴ ወይም የትምህርት ቤት ኮሚቴ፣ በየትኛውም ቢሆን ልውጣ የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚሠራውን ሁሉ አስቆጥሩት። ከኮሚቴ ሰው አንዱ አጠገቡ ተቀምጦ ይጻፍ፤ ሰውየው ብቻውን ቢጽፍ ግማሹን ሥራ አይቆጥረውም፣ ልማድ ሆኖበታልና። ዝርዝሩ በጉባኤ ፊት ይነበብ። ለእኛ ነገሩን የገለበጠው ይህ ነበር።

አንድን ሰው በአንድ ሰው ለመተካት አትሞክሩ። 18 ዓመት የተጠራቀመን ሥራ እንዳለ የሚቀበል ጤነኛ ሰው አይገኝም፤ ከተገኘም ከጥቂት ዓመት በኋላ እርሱም "አውጡኝ" ይላል።

ርክክቡ ቢያንስ አንድ እውነተኛ ሞት የሚያልፍበት ጊዜ ይኑረው። ቁልፍ የያዘው ሰው ሥራ እንደሚውል ያወቅነው በወረቀት ላይ አልነበረም። የቀድሞው ሰው በዚያን ጊዜ በአጠገብ ይኑር፣ ግን አግዳሚ ወንበሩ ላይ ይቀመጥ። ለተቀማጩ ከባድ ነው፤ ወይዘሮዋ ከሁሉ የከበዳቸው ሌሊቱን መቀመጡ እንደነበር ነግረውኛል።

ዕቃው ከቤት ይውጣ፤ ሳጥኑ፣ ጥራዙ፣ ማኅተሙ፣ ቁልፉ። ዕቃው እቤት እስካለ ድረስ ሰውየው ሹመቱን ቢለቅም ሹመቱ እርሱን አይለቀውም።

የሂሳብ ጉድለት በማንም ላይ ሲገኝ ከመጠርጠር በፊት ሰውየው ምን ያህል ሰዓት እንደሚተኛ ጠይቁ። የቁጥጥር ኮሚቴ ሥራ ይህንንም ይጨምራል ብዬ አምናለሁ፤ እኔ ለዓመታት አልጠየቅኩም።

የእኔ የቁጥጥር ኮሚቴ ዘመን በተሻሻለው ደንብ መሠረት በመጪው ጥቅምት ያበቃል። የምሠራውን መቁጠር ጀምሬያለሁ። እስከ ዛሬ ምሽት 19 ደርሷል፤ ወይዘሮዋም ትናንት በመንገድ ላይ አግኝተውኝ የረሳሁትን አንድ ነገሩኝ፤ 20ኛው ነው።